ከወንጪ ቃጫ እስከ ድሪምላይነር፦ የተበሳ ሰሌዳ እንዴት ይሰበራል?

*በክር የተጠናከረ ፕላስቲክ ጀልባ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ አውሮፕላን ሆኖ ይበራል። ሥራ ላይ ሲውል ግን ሳይበሳ የሚቀር ሰሌዳ የለም ማለት ይቻላል። ከተበሳ በኋላ ውስጡ ምን ይሆናል?*

ከአምቦ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ሽቅብ እየተጠማዘዘ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ይወጣና ድንገት መሬቱ ይጎደጉዳል። ከታች ወንጪ ሐይቅ አለ። የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ነው። ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም ይታያል፤ ተዳፋቱ ላይ የገብስ ማሳ፣ ፈረስ የሚነዱ ልጆችና ከየጎጆው ጀርባ የቆመ እንሰት። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አስገብቶታል፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ሎጅ ተሠርቶለታል። ጎብኚው ካሜራውን የሚያዞረው ወደ ውሃው ነው። ጓሮ ውስጥ የሚካሄደውን ሥራ ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው።

በጓሮው ሴቶች እንሰት ይፍቃሉ። የተገረሰሰው ግንድ አንዱ በሌላው ላይ የተጠቀለለ ንብርብር ስለሆነ አንድ በአንድ ይላጣል። እያንዳንዱ ልጣጭ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ይዘረጋና በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፋቃል። እየተፋቀ የሚወርደው ነጭ ሥጋ ጉድጓድ ገብቶ ከርሞ ቆጮ ይሆናል። ሳንቃው ላይ የሚቀረው ረጅም ክር ቃጫ ነው። ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ገመድ ይሆናል። የመፋቂያው ጠርዝ ደንዘዝ ማለት እንዳለበት ፋቂዎቹ አጥብቀው ይናገራሉ። ስለቱ ከበዛ ሥጋውን ብቻ ሳይሆን ክሩንም ይበጥሳል፤ አጭር ቃጫ ደግሞ ገበያ የለውም።

ገና ያልተፋቀ አንድ ልጣጭ ወስደን ጎኑን በቢላዋ አግድም ጥቂት እንሸርፈውና ከሁለቱም ጫፍ እንሳበው። ወረቀት ቢሆን ሽርፉ ከነበረበት ተነሥቶ እስከ ወዲያኛው ጠርዝ በተቀደደ ነበር። የእንሰቱ ልጣጭ ግን አግድም አይቀደድም። ከሽርፉ ጫፍ የተነሣው ስንጥቅ ይታጠፍና ክሩን ተከትሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይሮጣል። የተሸረፈው ጎን እንደ ጥብጣብ ተነጥሎ ይንጠለጠላል፤ ቀሪው ስፋት ጉተታውን ይዞ ይቆያል።

የአውሮፕላን መሐንዲሶች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተመራመሩበት ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው።

ለምን ከቀዳዳው ይጀምራል?

አንድ ሰሌዳ ከሁለት ጫፍ ሲሳብ ሸክሙ በስፋቱ ልክ ይከፋፈላል። መሐሉ ከተበሳ ግን በዚያ በኩል ያልፍ የነበረው ሸክም መንገድ ያጣል። ቃሬዛ ከተሸከሙ ሰዎች አንዱ ቢለቅ ክብደቱ ለሁሉም እኩል አይዳረስም፤ ከጎኑ በነበረው ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው። የቀዳዳው ጠርዝም እንዲሁ የጠፋውን ጎረቤቱን ድርሻ ይሸከማል።

ጀርመናዊው ኪርሽ እ.ኤ.አ. በ1898 ስሌቱን ሠራ። በሰፊ ሰሌዳ መሐል ያለ ክብ ቀዳዳ ጠርዙ ላይ ያለውን ውጥረት 3 እጥፍ ያደርሰዋል። እንግሊዛዊው ኢንግሊስ በ1913 ለመርከብ መሐንዲሶች ባቀረበው ጽሑፍ ስሌቱን ወደ ሞላላ ቀዳዳ አሰፋው። ለጉተታው አግድም የተኛ፣ ርዝመቱ የስፋቱ 10 እጥፍ የሆነ ቀዳዳ ጫፉ ላይ ያለው ውጥረት 21 እጥፍ ይደርሳል። ጫፉ እየሾለ በሄደ ቁጥር ነገሩ ይብሳል። የመስኮት መስታወት የሚቆርጠው ባለሙያ በአልማዝ አንድ መስመር ጭሮ ቀጭ የሚያደርገው ይህንኑ ተጠቅሞ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግሪፊዝ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ መስታወት ከሚገባው በታች ደካማ የሆነው ዓይን በማያያቸው ጥቃቅን ጭረቶች የተነሣ መሆኑን አሳየ። መስታወቱን አቅልጦ እንደ ፀጉር ሲያቀጥነው ጥንካሬው በብዙ እጥፍ ጨመረ፤ በቀጭን ክር ላይ ትልቅ ጭረት ቦታ አያገኝምና። የዛሬው ፋይበርግላስ የቆመው በዚህ ግኝት ላይ ነው።

ብረት ሌላ ባሕርይ አለው። ጠርዙ ላይ ውጥረት ሲበዛ ጥቂት ለስለስ ብሎ ይለጠጥና ሸክሙን ለጎረቤቱ ያካፍላል። ሆኖም በተደጋጋሚ ጫና ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት የብሪታንያ ኮሜት ጄቶች በአየር ላይ ሲበታተኑ ምርመራው የደረሰበት ይህንን ነው፤ ከአውሮፕላኑ አካል መክፈቻዎች ማዕዘን አካባቢ የተነሣ ስንጥቅ በእያንዳንዱ በረራ እያደገ ሄዷል።

ሁለት ተሰባሪዎች ሲጣመሩ

በክር የተጠናከረ ፕላስቲክ እንደ መስታወት ይሰበራል ወይስ እንደ ብረት ይለጠጣል? እንደ ሁለቱም አይደለም። ክሩ ከመስታወት ወይም ከካርቦን የተሠራ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ተሰባሪ ነው። ክሮቹን አጣብቆ የሚይዘው ሬዚን የሚባለው ሙጫም ሲደርቅ ተሰባሪ ነው። ሁለቱ ተጣምረው የሚሠሩት ሰሌዳ ግን በቀላሉ አይሰበርም።

ምስጢሩ ያለው ክርና ሙጫ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው። ስንጥቅ ሙጫውን እየሰነጠቀ መጥቶ ክሩ ጋ ሲደርስ ድንበሩ ትንሽ ይላቀቃል። ያኔ የስንጥቁ ሹል ጫፍ ይደነዝዛል፤ ወደፊት መሄዱን ትቶ በክሩ ጎን ይታጠፋል። ኩክና ጎርደን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን እ.ኤ.አ. በ1964 በስሌት አስረድተዋል። መልእክታቸው ለጆሮ እንግዳ ነው፦ በልክ የሆነ ደካማ መገጣጠሚያ ጠቅላላውን ነገር ያጠነክራል። ሙጫው ከመጠን በላይ ከተጣበቀ ስንጥቁ መታጠፊያ ያጣና ክሩን አቋርጦ ያልፋል፤ ሰሌዳውም እንደ መስታወት ቀጭ ይላል።

> በልክ የሆነ ደካማ መገጣጠሚያ ጠቅላላውን ነገር ያጠነክራል።

ይህንን ለማየት ወደ ፍተሻ ክፍል መግባት ያስፈልጋል። በብዙ አገር የሚሠራበት የፍተሻ መመሪያ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሰሌዳ መሐሉ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ተበስቶ እንዲጎተት ያዝዛል። ሰሌዳው የተሠራው ክራቸው በተለያየ አቅጣጫ ከተኛ ስስ ንብርብሮች ነው። ማሽኑ ሁለቱን ጫፎች ነክሶ ቀስ ብሎ ይስባል። ለጥቂት ጊዜ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ከዚያ ጆሮን ማስጠጋት ነው፤ ቋ፣ ቋ የሚል ደቃቅ ድምፅ ይጀምራል። የመስታወት ክር ሰሌዳ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከቀዳዳው ጎንና ጎን መንጣት ሲጀምር ይታያል።

ቀድመው የሚሰነጠቁት ክራቸው ለጉተታው አግድም የተኛ ንብርብሮች ናቸው፤ እነሱን የሚይዛቸው ሙጫው ብቻ ነው። ቀጥሎ በጉተታው አቅጣጫ በተኙት ንብርብሮች ላይ የቀዳዳውን ጎን ታክኮ ቁመቱን የሚሄድ ስንጥቅ ይነሣል። ከወንጪው ልጣጭ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ በቀዳዳው ዙሪያ ንብርብር ከንብርብር መላቀቅ ይጀምራል። ክሮቹ ራሳቸው የሚበጠሱት በመጨረሻ ነው፤ ያኔ ሰሌዳው በአንድ ፍንዳታ ለሁለት ይለያል።

ከመጨረሻው በፊት የሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሰሌዳውን ያቆየው እሱ ነው። ክሮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ በተኙበት የካርቦን ሰሌዳ ላይ የቀዳዳው ጠርዝ ውጥረት በስሌት ከ6 እጥፍ በላይ ይሆናል። ስሌቱን ብቻ ያየ ሰው ሰሌዳው ወዲያው ይበጠሳል ይላል። ቁመቱን የሚሄደው ስንጥቅ ግን የቀዳዳውን ጠርዝ ከሸክሙ ያላቅቀዋል፤ የተቆረጡት ክሮች ያርፋሉ፤ ያልተቆረጡት ይሠራሉ። የተበሳ ሰሌዳ ከስብራት በታች ባለ ጫና ደጋግሞ ተስቦ ሲያበቃ እስኪበጠስ ሲጎተት፣ ካልተነካው የተበሳ ሰሌዳ በልጦ የተገኘበት ጊዜም አለ።

ይህ ለመጎተት ነው። ሰሌዳው ሲታመቅ ነገሩ ይገለበጣል። የተላቀቁት ንብርብሮች እየተቆለመሙ ይወጣሉ፤ ሲሳብ ያዳነው ጉዳት ሲገፋ ያጠፋዋል።

ትንሽ ቀዳዳና ትልቅ ቀዳዳ

የኪርሽ ስሌት የቀዳዳውን መጠን አይጠይቅም። ጠባብም ይሁን ሰፊ፣ ሰሌዳው እስከሰፋ ድረስ ጠርዙ ላይ 3 እጥፍ ነው። በክር በተጠናከረ ሰሌዳ ላይ ግን ሰፊው ቀዳዳ ከጠባቡ ይልቅ እንደሚያዳክም ፈታሾቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አረጋገጡ።

ምክንያቱን ዊትኒና ኑይስመር የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 በቀላሉ አስቀመጡት። ሰሌዳው የሚሰበረው ጠርዙ ላይ ባለች አንዲት ነጥብ የተነሣ አይደለም፤ ከጠርዙ ጥቂት ገባ ብሎ፣ በካርቦን ሰሌዳ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለው ውጥረት ከአቅም ሲያልፍ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ዙሪያ ውጥረቱ በዚያ አጭር ርቀት ውስጥ ፈጥኖ ይወርዳል። በሰፊው ዙሪያ ግን ገና ከፍ እንዳለ ነው። ሰፊ ክልል ሲጨነቅ ደካማ ክር የመገኘቱ ዕድልም ይጨምራል።

ሌላም አስገራሚ ውጤት አለ። ስፋታቸው እኩል የሆነ ክብ ቀዳዳና ቀጭን ስንጥቅ በመስታወት ላይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በንብርብር ሰሌዳ ላይ ግን የሚበጠሱበት ጫና ብዙ ጊዜ ይቀራረባል፤ ቀድሞ የሚመጣው ጉዳት የስንጥቁን ሹል ጫፍ አደንዝዞታልና። የሚወስነው የተቆረጡት ክሮች ብዛትና አቅጣጫ ነው።

ለጀልባና ለመታጠቢያ ገንዳ የሚውለው ርካሹ ፋይበርግላስ ደግሞ አጫጭር ክሮች ያለ አቅጣጫ የተበተኑበት ምንጣፍ ነው። እያንዳንዱ የክር ጫፍ ራሱ ጥቃቅን ሽርፍ ስለሆነ፣ በሽርፍ የተሞላ ሰሌዳ ላይ አንድ ተጨማሪ የብሎን ቀዳዳ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ይህ ሰሌዳ ከመጀመሪያው ደካማ ነው፤ በመበሳት ግን ብዙ አይከፋም። ረጅምና ቀጥ ያለ ክር ያለው ጠንካራ ሰሌዳ ነው ባለሙያ የሚሻው።

ንግሥተ ሳባ በሂትሮው

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ሲረከብ ከጃፓን ውጭ የቀደመው አልነበረም። ከአውሮፕላኑ ክብደት ግማሽ ያህሉ በክር የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው፤ አካሉና ክንፉ ከካርቦን ክር ንብርብር ተሠርቷል። በ2008 ዓ.ም. ኤርባስ ኤ350 ሲመጣም ነገሩ ያው ነበር። «ፕላስቲክ አውሮፕላን» የሚለው ቀልድ በተሳፋሪዎች መካከል የተለመደ ሆነ፤ አንዳንዱ በመተማመን፣ አንዳንዱ በስጋት ይለዋል።

አውሮፕላን ግን በቀዳዳ የተሞላ ዕቃ ነው። በር፣ መስኮት፣ የዕቃ ማስገቢያ፣ የብሎን መብሻ። ድሪምላይነሩ እንዲያውም ከቀደሙት ከፍ ያለ መስኮት አለው። ይህ የተቻለው መስኮቱ ዙሪያ ያለው ሰሌዳ እንዲወፍር፣ የክሮቹ አቅጣጫም ሸክሙ የሚዞርበትን መንገድ እንዲከተል ታስቦ ስለተሠራ ነው። ታስቦበት የተከፈተ ቀዳዳ አያስፈራም።

ያልታሰበው ቀዳዳ የመጣው ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ንግሥተ ሳባ የሚል ስም የተሰጠው ድሪምላይነር ለንደን ሂትሮው ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ ከጅራቱ ፊት ጣራው ላይ እሳት ተነሣ። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች መነሻውን የአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊ መሣሪያ ላይ አገኙት፤ የባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር። እሳቱ በካርቦኑ ሰሌዳ ውስጥ ያለውን ሙጫ ቀስ እያለ በላው። ሙጫው የሄደበት ክር ደግሞ አብሮ የሚሠራ ሰሌዳ መሆኑ ቀርቶ የተበተነ ክር ብቻ ነው።

በዓለም ላይ ብዙዎች ይህ አውሮፕላን አበቃለት ብለው ነበር። ቦይንግ ጠገነውና በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ጥገና ሲታሰብ ጥያቄው ጥቁሩን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ብቻ አይደለም። ጉዳቱ የት ላይ እንደሚያበቃም መታወቅ አለበት፤ የካርቦን ሰሌዳ ብርሃን አያሳልፍም፣ እንደ መስታወት ክሩም ነጥቶ አያስታውቅም።

> ካርቦን ሲጎዳ አይነጣም። የሚሰማው ከሚታየው ይበልጣል።

ለዚህ ነው ጥገና ክፍል ውስጥ ሰሌዳ በድምፅ ሞገድ የሚመረመረው። የአውሮፕላን ቴክኒሻኖች ከዚያ የቀለለ ዘዴም አላቸው፤ ሰሌዳውን በትንሽ መዶሻ ወይም በሳንቲም መታ መታ ያደርጉታል። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ንብርብሩ የተላቀቀበት ቦታ የታፈነ ድምፅ ያሰማል። የለመደ ጆሮ የጉዳቱን ወሰን በጠመኔ ያሰምርበታል።

መሰርሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ

በሐይቆቻችን ላይ የፋይበርግላስ ጀልባ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ሞተር ለማሰር፣ ወንበር ለመትከል፣ መልሕቅ ለማንጠልጠል ሁሉ ይበሳል። ጠጋኞችን ስለዚህ ጉዳይ ላነጋገረ ሰው ሁለት ዓይነት አስተያየት ይገጥመዋል። አንዱ ወገን ፋይበርግላስ እንደ ጣውላ ነው፣ የትም ብትበሳው ግድ የለውም ይላል። ሌላው ብዙ ጀልባ ፈትቶ ያየ ነው፤ ጀልባ የሚሞተው በድንጋይ ሳይሆን በብሎን ነው ብሎ ይከራከራል።

ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። የተበታተነ ክር ያለው ሰሌዳ ለመጎተት ያለው አቅም በአንድ ቀዳዳ ብዙ አይጎድልም። የተቆረጠው ጠርዝ ግን የክሮቹን ጫፍ አጋልጧል፤ ውሃ በክሩና በሙጫው ድንበር እየሰረገ ይገባል። ድንበሩ ሲለቅ ክሩ ሸክም መቀበሉን ያቆማል። ጉዳቱ ከቀዳዳው ይጀምርና በዓመታት ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

የተካኑት ጠጋኞች የሚሠሩት ይታወቃል። ከሰሌዳው በስተጀርባ ጣውላ ያስደግፋሉ፤ ደንዝ መሰርሰሪያ ሲወጣ የመጨረሻውን ንብርብር ገፍቶ ስለሚልጠው። ስለቱን ያድሳሉ፤ ግፊቱን ያላላሉ። አራት ማዕዘን መክፈቻ ካስፈለገ አራቱን ማዕዘን መጀመሪያ በክብ ይበሱና ከዚያ በመጋዝ ያገናኟቸዋል። የቀዳዳውን ግድግዳ ሬዚን ቀብተው ያደርቁታል። በብሎኑ ሥር ሰፊ ሮንደላ ይገባል፤ ብሎኑም እስኪጮህ አይጠብቅም። ብዙ ሸክም ባለበት ቦታ ዙሪያውን ንብርብር ይጨምሩለታል።

የተሰነጠቀውን ሲጠግኑም ስንጥቁ ላይ ሙጫ ሞልተው አይተዉም። ሙጫ የተቆረጠ ክር አይቀጥልም። ዙሪያውን በሰፊው ዘቅዘቅ አድርገው ይፍቃሉ፤ ከዚያ ከትንሽ እስከ ትልቅ የተቆረጠ የክር ጨርቅ በሬዚን እያራሱ ይደራርባሉ። አዲሱ ክር ከአሮጌው ጋር በቂ ርዝመት ተደራርቦ ሸክሙን መረከብ አለበት።

ቃጫው ሰሌዳ ቢሆን

እንሰት 20 ሚሊዮን ገደማ ለሚሆን ኢትዮጵያዊ ምግብ ነው፤ ቃጫው ግን ከገመድ ብዙም አልራቀም። በአገር ውስጥም በውጭም የሚገኙ ተመራማሪዎች ባለፉት ዓመታት የእንሰት ቃጫን ከፖሊስተር ሬዚን ጋር አጣምረው ሰሌዳ ሠርተው ፈትሸዋል። ሐሳቡ ከዕውን የራቀ አይደለም። የእንሰት ዘመድ የሆነው የፊሊፒንስ አባካ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የመርሴዲስ ኤ ክላስ ትርፍ ጎማ ማስቀመጫ ክዳን ሆኗል። ተልባና ሄምፕም በአውሮፓ መኪኖች በር ውስጥ ገብተዋል።

የእንሰት ቃጫ ሁለት ጠባይ አለው። ውሃ ይወዳል፤ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ከሙጫው ይላቀቃል። ገጹ ላይ ያለው ሰምና ሌላ ንጥረ ነገርም ሙጫው በደንብ እንዳይዝ ያደርጋል። ተመራማሪዎቹ ቃጫውን በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ዘፍዝፈው ያጥቡታል፤ ያኔ ሙጫው ይይዛል፤ ያልተበሳው ሰሌዳ የመጎተት ጥንካሬም ከፍ ይላል። የኩክና የጎርደን ማስጠንቀቂያ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እጅግ የተጣበቀ ድንበር ስንጥቁን አያጥፍም። ሳይበሳ ሲጎተት አንደኛ የወጣው ሰሌዳ ሲበሳ አንደኛ ላይሆን ይችላል።

ነገሩ የምርምር ብቻ አይደለም፤ የንግድም ነው። ሰሌዳ ሲሸጥ የሚጻፍለት የጥንካሬ ቁጥር ብዙ ጊዜ ምንም ሳይነካ ከተጎተተ ንጹሕ ናሙና የተገኘ ነው። ገዢው ግን ሰሌዳውን ወስዶ ይበሳዋል፤ በሚስማርና በብሎን ያስረዋል፤ ማዕዘኑን ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሌላ ሰሌዳ ነው፤ የተጻፈው ቁጥርም የእሱ አይደለም። አውሮፕላን ሠሪዎች ይህንን ስለሚያውቁ የንድፍ ቁጥራቸውን የሚወስዱት ከተበሳው ናሙና ነው።

የወንጪና የአካባቢዋ ቃጫ አንድ ቀን የሎጅ ግድግዳ፣ የመኪና በር ወይም የጀልባ ወለል ለመሆን ከበቃ፣ ለአምራቹ የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፦ ከተበሳ በኋላ፣ ውሃም ከነካው በኋላ ስንት ይይዛል? ይህንን በቁጥር መመለስ የማይችል አምራች ሰሌዳውን ገና አልፈተሸውም።